ትራምፔቱ አላጉረመርም፣ አልንሸራተትም ሲል

የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ድምፁን ማሻከር ወይም ማንሸራተት ሲያቅተው የሚወቅሰው ከንፈሩን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ትንፋሹን ነው።

ሳጉረመርም ድምፁ ይሞታል

ማጉረምረም ማለት እየነፉ በጉሮሮ ማዜም ነው፤ ሁለቱ ድምፆች ሲጋጩ ሻካራው ድምፅ ይወለዳል። ድምፁ የሚሞተው ለማሻከር ሲሉ ጉሮሮን ስለሚያንቁ ነው፤ ጉሮሮ ሲታነቅ ትንፋሽም አብሮ ይቆረጣል። መካከለኛውን ሶል በረጅሙ ይያዙና ትንፋሹን ሳይቀንሱ ከሥር ያዚሙ። ድምፁ ሳይሞት ለስላሳ ሆኖ ከቀረ ደግሞ የሚነፉትንና የሚያዜሙትን አንድ ቁመት ላይ አድርገውታል፤ ዜማውን ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ያድርጉት። ጉሮሮዎ መከርከር ከጀመረ ለዕለቱ ይተዉት።

ጉሮሮ ለማይመቸው የምላስ ማርገብገብ አለ፤ የአማርኛውን «ርርር» እየነፉ ማንከባለል ማለት ነው። እዚህ ላይ «ር»ን ከልጅነቱ የለመደ ሰው ብዙ ድካም ይቀርለታል። ምላስዎ ቶሎ ከቆመ ጠንከር አድርገው ይንፉ።

ቫልቩን በግማሽ ስጫን ድምፁ ይታፈናል ወይም ይዘላል

ግማሽ የሚባለው ቦታ ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል። ድምፁን እንደያዙ አንዱን ቫልቭ በጣም በዝግታ ይጫኑ፤ ድምፁ ሳስቶ ግን ሳይቋረጥ የሚቆይበት ጠባብ ቦታ አለ። ጣትዎ ያንን ቦታ ከለመደ በኋላ ሦስቱንም ቫልቮች እዚያው አድርሰው በከንፈርና በትንፋሽ ወደ ላይ ያንሸራትቱ። የዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራ አባል የነበረው ሬክስ ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1938 በዚህ ዘዴ ላይ የቆመ ሙሉ ሥራ ቀርጿል። ቫልቭ በግማሽ ተጭኖ ምን ያህል መናገር እንደሚችል ለማወቅ እሱን መስማት ይበቃል።

ድምፁ ወደ ታች በመውደቅ ፋንታ ይቆረጣል

መውደቁ ሲጀምር ትንፋሽዎን አቁመዋል ማለት ነው። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ መንፋትዎን አያቁሙ።

ማንቀጥቀጡ አይወጣም

ማንቀጥቀጥ ማለት በሁለት ጎረቤት ድምፆች መካከል በፍጥነት መመላለስ ነው። ምናልባት የሞከሩት ዝቅተኛ ድምፅ ላይ ነው። ቫልቭ ሳይጫኑ ከታችኛው ዶ ቀጥሎ የሚገኘው ድምፅ ሶል ነው፤ ይህን ያህል ርቀት በፍጥነት መመላለስ ከባድ ነው። ወደ ላይ ሲወጡ ድምፆቹ ይቀራረባሉ። ከላይኛው ሶል ይጀምሩ፤ መጀመሪያ በከንፈር ብቻ፣ በዝግታ። መሣሪያውን በእጅ መነቅነቅ የሚረዳው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከንፈርን ግን መጨፍለቅ የለበትም።

የጎማው «ዋዋ» አይጠራም

በትራምፔቱ ሰፊ አፍ ላይ የሚታየው ጎማ የተዘጋ ቱቦ መክፈቻው ነው፤ እጀታው ተነቅሎ ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ ለመድረክ የበቃ። ክንድዎን በሙሉ እያወዛወዙት ከሆነ «ዋ»ው ይዘገያል። የጎማውን የታች ጠርዝ ከትራምፔቱ አፍ ጋር አስነክተው አንጓዎን ብቻ እንደ ማጠፊያ ይጠቀሙ፤ ሲዘጉም ጥርቅም አያድርጉት። የኤሊንግተን ትራምፔት ተጫዋቾች የነበሩት የበበር ማይሊና የኩቲ ዊሊያምስ ጉርምርምታ ግን ከጎማው ሥር ሌላ ትንሽ የድምፅ ማፈኛ ነበረው። ማፈኛ ሲገባ ድምፁ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ስለዚህ የመቃኛውን ቱቦ ትንሽ ሳብ ያድርጉት፣ ሲያወጡትም መመለሱን አይርሱ።