ኮዱ ተቀየረ፣ ሴቲንጉስ? የሲዛር ቱ ችግሮችና መፍትሄያቸው

አዳማ አካባቢ ላለ አንድ ፋብሪካ የ8 ኢንች የእንፋሎት መስመር እየሠራን ነበር። ቢሯችን ያለች ወጣት ኢንጂነር ሞዴሉን በሲዛር ቱ፣ የቧንቧ ስትረስ (ብረቱ ውስጥ የሚፈጠረውን ጫና) በሚያሰላው ሶፍትዌር፣ ሠራችው። እኔ ደግሞ ለማመሳከር ለብቻዬ ሌላ ሠራሁ። ሁለታችንም ቲው (ቅርንጫፍ ቧንቧ የሚገጠምበት መገጣጠሚያ) ላይ ያገኘነው የኤክስፓንሽን ስትረስ፣ ማለትም ቧንቧው ሲሞቅ በመስፋፋቱ የሚመጣው፣ 231 ሜጋፓስካል ነው። የእኔ አለፈ፣ የእሷ ግን ቀይ አበራ። «ጋሼ፣ ሁለተኛ ሉፕ ልጨምር እንዴ?» አለችኝ። ሉፑን፣ መስፋፋቱን የሚቀበለውን የቧንቧ መታጠፊያ፣ ስዕሉ ላይ በእርሳስ አስምራዋለች።

ቆይ፣ መጀመሪያ ሴቲንጉን እንይ አልኳት።

ስትረሱ አንድ፣ ወሰኑ ሁለት

የቧንቧ ዲዛይን ኮዱ ቢ 31.3 ለኤክስፓንሽን ወሰን ሁለት ቀመር ይፈቅዳል። ለኤ106 ግሬድ ቢ ቧንቧ በ150 ዲግሪ የቀዝቃዛውም የሙቁም የሚፈቀድ ስትረስ 138 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። በመጀመሪያው ቀመር የቀዝቃዛውን 1.25 እጥፍና የሙቁን 0.25 እጥፍ ስትደምሩ 207 ይመጣል። «ሊበራል» የሚባለው ሁለተኛው ቀመር ደግሞ ከክብደትና ከግፊት ስትረስ የተረፈውን ይጨምርላችኋል። የእኛ ሰስቴይንድ (የክብደትና የግፊት ስትረሱ) 40 ስለነበር ወሰኑ 305 ሆነ። እሷ 231ን ከ207 ጋር ስታወዳድር እኔ ከ305 ጋር ነበር የማወዳድረው።

ምክንያቱ ፎልደሩ ነው። ከድሮ ፕሮጀክት ኮፒ ሲደረግ ሲዛር ዶት ሲኤፍጂ የሚባለው ፋይል አብሮ መጥቷል፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ ሊበራል ጠፍቶ ነበር። ልብ በሉ፣ ይሄ ሴቲንግ የሚሠራው አዲስ ሞዴል ሲከፈት ብቻ ነው። ኮንፊገሬሽኑን አሁን ብታስተካክሉት የተሠራው ሞዴል አይለወጥም፤ ሞዴሉ ውስጥ ገብታችሁ ስፔሻል ኤክሲኪዩሽን ፓራሜተርስ ላይ ነው የምትቀይሩት። ከዚያ እንደገና አስሉት፣ የድሮው ውጤት በራሱ አይታደስምና።

ሊበራልን ስታበሩ ግን ሰስቴይንዱን በደንብ መርምሩት። መስመሩ ሲሞቅ ከሰፖርቱ (ከተቀመጠበት ድጋፍ) የሚነሳ ቦታ ካለ፣ ክብደቱ ወደ ጎረቤት ሰፖርት ስለሚሄድ ያ 40 ላይ የቆመ ቁጥር ከፍ ይላል፣ ወሰኑም በዚያው ልክ ይወርዳል።

ትናንት ያለፈ ቲ ዛሬ ወደቀ

እዚህ ጋ እውነተኛ የኮድ ለውጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የቢ 31.3 እትም የስትረስ ማጉያዎቹን (መገጣጠሚያ ላይ ስትረሱ የሚባዛባቸውን ቁጥሮች) ከአባሪ ዲ አውጥቶ ቢ 31ጄ ወደሚባል ሌላ ሰነድ አዛውሯቸዋል። በድሮው ስሌት የቲው መገጣጠሚያ ግትር ነበር፣ አዲሱ ግን የራሱን መተጣጠፍ ይሰጠዋል። ለጥምዘዛም የራሱ ማጉያ አለው። ስለዚህ አንዱ ቲ ሲወድቅ ሌላ ቦታ ያለ የፓምፕ ኖዝል (ቧንቧው ፓምፑ ላይ የሚገጠምበት አፍ) ጭነት ሊቀንስ ይችላል። ሁለቱንም በአንድ ስሌት ካያችሁ አትደንግጡ።

መፍትሄው፦ ውሉ ላይ የተጻፈው እትም የትኛው እንደሆነ፣ የያዛችሁት የሶፍትዌር ስሪትም በየትኛው እትም እንደሚያሰላ ከሰነዱ ላይ አረጋግጡ። ከዚያ ሶፍትዌሩ ውስጥ የቢ 31ጄ ሴቲንግ መከፈቱን እዩ። ቲው ያለፈው በድሮው ማጉያ ብቻ ከሆነ፣ የውሉ እትም ደግሞ 2020 ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ፣ አላለፈም። ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል።

የአንከሩ ጭነት በጣም ትንሽ ሆነ

አንከሩ (ቧንቧው እንዳይንቀሳቀስ የሚታሰርበት ነጥብ) ላይ ያለው ጭነት ካነሰባችሁ ፍሪክሽኑን (ሰፖርቱ ላይ ያለውን ሰበቃ) እዩ። ዲፎልቱ ዜሮ ነው። ብረት በብረት ላይ ለሚንሸራተት ብዙ ሰው 0.3 ያስገባል። የአካባቢ ሙቀቱም 21 ዲግሪ ተብሎ ነው የሚመጣው። አዳማ ቀን ላይ ከዚያ ይሞቃል፣ ግን በ150 ዲግሪ መስመር ላይ የአምስትና የስድስት ዲግሪ ልዩነት ብዙ አያናጋም። እኔ በዚህ ላይ ጊዜዬን አላባክንም።

አሁን ቢሯችን ውስጥ አዲስ ፎልደር ሲከፈት ያ ፋይል ከድሮ ፕሮጀክት አይቀዳም፣ ከአንድ ከተፈተሸ ቦታ ነው የሚመጣው። የሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይም የኮዱ እትም፣ የሶፍትዌሩ ስሪት፣ ሊበራልና ፍሪክሽን ይጻፋሉ። የእንፋሎት መስመሩን ሰስቴይንድ በሙቅ ሁኔታም አየነው፣ የተነሳ ሰፖርት የለም። ልጅቷ በእርሳስ ያሰመረችውን ሉፕ አጠፋችው።