«ቆቅ ናት» ብሎ መተኮስ፦ የሰሜን ሸዋ አዳኞች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጀማ ሸለቆ ውስጥ የሚያድን ሰው «ምን ገደልክ?» ሲባል መልሱ አጭር ነው፤ «ቆቅ»። የትኛዋን ቆቅ ካላችሁት ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። አይፈረድበትም። ወፏ ከቁጥቋጦ ተነስታ እስክትሰወር ያለው ጊዜ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ጀርባዋ ቡናማ፣ ምድሩም ቡናማ።

ቢሆንም ነገሩን በቀላሉ ማለፍ አልችልም። እኛ ጋ ካሉት ቆቆች አንዷ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አትገኝም። በኢትዮጵያም ቢሆን መኖሪያዋ ጀማና ሌሎች የዓባይ ገባሮች የቆረጧቸው ሸለቆዎች ናቸው። እዚህ ከጠፋች ሌላ ቦታ ሄደን አናመጣትም።

አንድ ነገር ላስቀድም። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ ነው። ቆቅም የዱር እንስሳ ናት። ፈቃድ ያለውም ቢሆን የተፈቀደለትን ዝርያ መለየት ካልቻለ ፈቃዱ ከወረቀት አያልፍም።

«ቆቅ ሁሉ አንድ ነው» ማለት

የስህተቶቹ ሁሉ እናት ይህ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ በቅርብ ሊታወቁ የሚገቡ ቢያንስ ሦስት ቆቆች አሉ።

መጀመሪያ ያቺ የኛዋ ብቻ የሆነችው። የወፍ አጥኚዎች የሃርውድ ቆቅ ይሏታል። በሳይንስ መዝገብ የገባችው በ1899 (እ.ኤ.አ.) ነው። ምንቃሯ ቀይ፣ እግሯ ቀይ፣ በዓይኗ ዙሪያ ያለው ላባ የሌለበት ቆዳም ቀይ ነው። ደረቷን ብታዩት ጥቁርና ነጭ ቅስት በቅስት ላይ ተደርቦ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይታያል። ገደላገደሉን፣ የወንዝ ዳር ቁጥቋጦውንና የማሽላ ማሳውን ትወዳለች። ፊላ ባለበት ረግረግ ደግሞ እዚያ ውስጥ ታድራለች።

ሁለተኛዋ የኤርክል ቆቅ ናት። ገዘፍ ያለች ናት። ምንቃሯ ጥቁር፣ ግንባሯ ጥቁር፣ አናቷ ዳማ ነው። እግሯ ቢጫ ነው። አንገቷና ደረቷ ላይ ያለው ቅስት ሳይሆን ቁልቁል የወረደ ዳማ ሰረዝ ነው። አንኮበርና ደብረ ሲና አካባቢ ጠዋት ገደሉን የምታስተጋባው እሷ ናት። ድምጿ ከፍ ብሎ ይጀምርና እየፈጠነ፣ እየወረደ ይሄዳል።

ሦስተኛዋ የውርጭ አገር ቆቅ ናት። መንዝ ጓሳ ላይ ሣሩ ውስጥ ትገኛለች። አነስ ያለች ናት፤ ስትበር ክንፏ ላይ ዳማ ቀለም ቦግ ይላል። ወደ ቆላው፣ ወደ አዋሽ በኩል ከወረዳችሁ ደግሞ ጉሮሮዋ ላባ የሌለው ቢጫ ቆዳ የሆነ ሌላ ቆቅ ትመጣለች። እሷን ማንም አይስታትም።

እንግዲህ ፊት ለፊት፣ በጥሩ ብርሃን ለተመለከተ ሰው ምንቃርና እግር ብቻ ይበቃሉ። ቀይ ከሆኑ ጣታችሁን ከቃታው አንሱ። ችግሩ አደን ፊት ለፊትና በጥሩ ብርሃን አለመሆኑ ነው።

በጎህና በምሽት ቀለምን ማመን

ቆቅ የምትጮኸውም ወደ ማሳ የምትወጣውም በጎህና በምሽት ነው። አዳኙም ሰዓቱን ያውቃል። ግን ብርሃን ሲደክም ዓይናችን ቀድሞ የሚያጣው ቀይን ነው። ቀይ ነገር ጠቁሮ ይታየናል። የተፈጥሮ ጉዳይ ነው፤ የዓይን ድካም ወይም እርጅና አይደለም።

ውጤቱን አስቡት። የሃርውድ ቆቅ ዋና መለያዋ ቀዩ ምንቃር ነው። ጎህ ሲቀድ ያ ምንቃር ጥቁር ሆኖ ይታያል። ጥቁር ምንቃር ደግሞ የኤርክል ቆቅ ምልክት ነው። ጥንቁቅ ሰው እንኳ «አይቻለሁ፣ ጥቁር ነው» ብሎ በሙሉ ልብ ይተኩሳል። ስለዚህ ፀሐይ ወጥታ ቀለም እስኪለይ መቆየት ነው። ወፏ ካልቆየችም ትሂድ።

ተነስታ የምትበረውን መተኮስ

ስትነሳ የምታዩት ጀርባዋን ነው። ጀርባቸው ደግሞ ሁሉም ቡናማ ነው። ቅስቱም ሰረዙም ደረት ላይ ነው፤ የእኛ ዓይን ያለው ጀርባ ላይ። ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ ይሏል ይሄ ነው።

«አዳኝ የሚተኩሰውን ወፍ በእርግጠኝነት ያውቃል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ እዚህ ላይ ነው። ቆማ ስትለቅም፣ በብርሃን፣ ድምጿንም ሰምቶ ከሆነ፣ አዎ። በበረራ ላይ ከሆነ ግን ግምት ነው።

ቦታውን እንደ ማስረጃ መቁጠር

«ይህ የኤርክል አገር ነው፣ ሌላ የለም» የሚል ሰው አይጠፋም። ደጋው ጫፍ ላይ ያስኬድ ይሆናል። ከለሚ ወደ ጀማ ድልድይ ወርዳችሁ ወደ ዓለም ከተማ በምትወጡበት ሸለቆ ግን አያስኬድም። የኤርክልም የሃርውድም ቆቅ እዚያ አሉ።

ትንሽ ሆኖ የሚበርን ሁሉ ድርጭት ማለት

የቆቅ ጫጩት ገና ሳያድግ ነው መብረር የሚጀምረው። ስለዚህ ከሣር ቡር ብላ የተነሳች ትንሽ ቡናማ ወፍ ድርጭት ብቻ አይደለችም። ድርጭት ክንፏ ረዘም ይላል፤ ዝቅ ብላ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ጫጩት ከሆነች ግን አጠገቧ እናት አለች፣ እህት ወንድም አለ። አንዷ ከተነሳች በኋላ ሌሎች ተከታትለው ከተነሱ፣ ወይም በቅርብ የምትጣራ ትልቅ ቆቅ ከሰማችሁ፣ ተዉት።

  

«እዚሁ ተወልጄ አድጌ» በሚል መተማመን

ልምድ ወፏ የት እንደምትውል፣ መቼ እንደምትወጣ ያስተምራል። ዝርያዋን መለየት ግን ሌላ ትምህርት ነው። አውስትራሊያ፣ ቪክቶሪያ ግዛት ውስጥ ዳክዬ ማደን የፈለገ ሰው በቪዲዮ የሚሰጥ የወፍ መለያ ፈተና ሳያልፍ ፈቃድ አያገኝም። እንዲያም ሆኖ በ2013 (እ.ኤ.አ.) የአደን ወቅት መክፈቻ ላይ ቦክስ ፍላት በሚባል ረግረግ ከ100 በላይ መገደል የማይገባቸው ብርቅዬ ዳክዬዎች ሞተው ተገኝተዋል። ተፈትኖ ያለፈ ሰው ባለበት አገር ይህ ከሆነ እኛ ጋ ማንም ሳይጠይቀን ምን እየሆነ እንደሆነ መገመት አያቅትም።

በዚህ ጉዳይ ከአዳኝ ይልቅ እረኛ ይሻላል። ቀኑን ሙሉ ይሰማቸዋል፣ ቆመው ሲለቅሙ ያያቸዋል። ዝርያ መለየት የሚፈልግ ሰው ጠመንጃውን ቤት ትቶ ከእረኛ ጋር አንድ ጠዋት ይዋል።

ወጥመድን መርሳት

ጥይት ቢያንስ ተኳሽ አለው፤ ተኳሹም ሊያመነታ ይችላል። ወጥመድ አያመነታም። ማሽላ ዳር የተጠመደ ገመድ አንገቷን ያስገባችውን ሁሉ ይይዛል። የታፈነች ቆቅ እግሯ ቀይ መሆኑን ማወቅ ለሷ ምንም አይጠቅማትም። እንቁላል መልቀምም እንደዚሁ ነው፤ የማን እንቁላል እንደሆነ ያየ የለም።

መንገድ ዳር ቆቅ የሚገዙም የዚህ ሰንሰለት አካል ናቸው። ወጥመዱን የሚያስጠምደው ገዢ መኖሩ ነው። አትግዙ። እግሯና ምንቃሯ ቀይ የሆነች ቆቅ ስትሸጥ ካያችሁ የተሸጠችበትን ቦታና ቀን ይዛችሁ ለወረዳው የዱር እንስሳት ባለሙያ አሳውቁ። ከተቻለ ጭንቅላቷን፣ ደረቷንና እግሯን በስልክ ፎቶ አንሱ። ከተነጨች በኋላ ግን ባለሙያም አይለያትም።