ሴራሚክ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን ውሃ አስነኩት

ሱቅ ውስጥ ሁሉም የወለል ሴራሚክ ያምራል። ሻጩም "ፖርስሊን ነው" ይላችኋል፤ ውሃ ብዙም የማይመጥ ጥቅጥቅ ያለ የሴራሚክ ዓይነት ነው ማለቱ ነው። ፊቱን አይቶ መለየት ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ ገልብጡት። ያልተቀባው ጀርባ ላይ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉና 5 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ውሃው እንዳለ ከተቀመጠ ፖርስሊን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቶሎ ከመጠጠውና ቦታው ከጠቆረ ግን ተራ ሴራሚክ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፖርስሊን በከፍተኛ ሙቀት ስለሚተኮስ ጥቅጥቅ ያለ ነው። የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም። የደሴ ክረምት ዝናቡና ጭቃው እስከ በር ድረስ ይከተላል። ለበረንዳና ለመግቢያ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። እዚያው እያላችሁ ፊቱንም አርጥቡና በጫማ ረገጥ አድርጉት። የሚያንሸራትት ከሆነ ለበረንዳ አትውሰዱት፤ የቱንም ያህል ቢያምር።

ብርዱን ፈርተው ላሚኔት (እንጨት መሰል ንጣፍ) ወይም የፕላስቲክ ንጣፍ የሚመርጡ ብዙ ናቸው። እውነት ነው፣ እግር አያቀዘቅዝም። ግን እኛ ወሎዎች ቤት ቡና ከአቦል እስከ በረካ በከሰል ነው የሚፈላው። አንዲት ፍም ከምድጃው ብትወድቅ ጠባሳዋ አይለቅም። ቢያንስ ረከቦት የሚቀመጥበትን ጥግ ሴራሚክ አድርጉት።

የውሃውን ሙከራ ለግድግዳ ሴራሚክ አትጠቀሙበት። የግድግዳው ውሃ ቢመጥም ችግር የለውም፤ ሲሠራም እንደዚያው ነው።