ጥናታዊ መጻሕፍትን በኦንላይን ስናሳትም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ላይ ተቀምጦ ስለ ሊሙ ቡና፣ ስለ ጊቤ ነገሥታት ወይም ስለ አካባቢው የወባ ሥርጭት ጥናታዊ መጽሐፍ ያዘጋጀ ምሁር ሥራውን በወረቀት ብቻ ካሳተመ፣ መጽሐፉ ከጥቂት ቤተ መጻሕፍትና ከወዳጆቹ መደርደሪያ ርቆ ሲሄድ አይታይም። ይህን ችግር ለማቃለል ከተዘጋጁት የክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች መካከል አንዱ ኦፕን ሞኖግራፍ ፕሬስ ነው። አዘጋጁ እ.ኤ.አ. በ1998 በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በጆን ዊሊንስኪ የተመሠረተው ፐብሊክ ኖውሌጅ ፕሮጀክት ሲሆን፣ ሶፍትዌሩ ረቂቅ ከመቀበል አንሥቶ ግምገማን፣ የቋንቋ እርማትን፣ የገጽ ዝግጅትንና በካታሎግ ማውጣትን በአንድ ቦታ ያስተዳድራል። የሚሠራጨው በጂኤንዩ አጠቃላይ የሕዝብ ፈቃድ በመሆኑ ለመጠቀም ክፍያ አይጠየቅበትም።

ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች እኩል ክብደት የላቸውም። በድረ ገጹ ላይ ብቻ የሚታይ ጉድለት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይታረማል። ስለ መጽሐፉ የተመዘገበው መረጃ፣ ማለትም ሜታዳታው፣ ከእኛ ሰርቨር ወጥቶ ወደ ጉግል ስኮላር፣ ወደ ቤተ መጻሕፍት ካታሎጎችና ወደ ሌሎች ማውጫዎች ከተሠራጨ በኋላ ግን የምናርመው የራሳችንን ቅጂ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙውን ቦታ የሰጠሁት ለሁለተኛው ዓይነት ነው።

የመጽሔት ሶፍትዌርን ለመጽሐፍ መጠቀም

የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት መጽሔቶቻቸውን የሚያስተዳድሩበት ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ ከዚያው ድርጅት የወጣ ስለሆነ፣ «እሱ ተጭኖልን እያለ ሌላ ለምን እንጭናለን?» የሚለው ጥያቄ በቅድሚያ ይነሣል። ጥያቄው ከበጀት አንጻር ተገቢ ይመስላል፤ መልሱ ግን የመጽሔት ሶፍትዌር የሚያውቀው ቅጽን፣ ቁጥርንና መጣጥፍን ብቻ ነው የሚል ነው። መጽሐፉን እንደ አንድ የመጽሔት እትም፣ ምዕራፎቹን እንደ መጣጥፎች አድርገን ብናስገባ ገጹ ለዓይን ደኅና ሊመስል ይችላል። ወደ ውጭ የሚላከው መረጃ ግን «ይህ የመጽሔት መጣጥፍ ነው» ይላል፤ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር የሆነው አይኤስቢኤን የሚገባበት ቦታ የለውም፤ ተከታታይ ጥራዞችንም በአንድ የመጽሐፍ ዘርፍ ሥር አያደራጅም። የመጽሐፉ ሶፍትዌር በአንጻሩ ምዕራፍን ከነጸሐፊው ለይቶ ይይዛል፣ የውስጥና የውጭ ግምገማን ሁለት ደረጃ አድርጎ ያስቀምጣል፣ በመጻሕፍት ንግድ ዘንድ የሚሠራበትን የኦኒክስ መረጃም ያወጣል። ከዓመታት በኋላ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዛወር ቢባል አድራሻዎቹ ሁሉ ይለወጣሉና ውሳኔው በመጀመሪያው ቀን መወሰን አለበት።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ስህተት አለ። በርካታ ምሁራን እያንዳንዳቸው አንድ ምዕራፍ የጻፉበትን ጥራዝ በአንድ ሰው እንደተጻፈ መጽሐፍ መመዝገብ ነው። ይህ ሲሆን የአርታኢው ስም በደራሲነት ይቀመጣል፤ የምዕራፍ ጸሐፊዎች ስም ደግሞ ከፒዲኤፉ ውስጥ በቀር የትም አይገኝም። ለደረጃ ዕድገት ሥራውን የሚያቀርብ መምህር ምዕራፉ በስሙ ተፈልጎ ሲታጣ የሚሰማውን ቅሬታ መገመት አያዳግትም።

ግምገማውን በቴሌግራም ጨርሶ ፒዲኤፍ ብቻ መጫን

ረቂቁ በኢሜይልና በቴሌግራም ሲመላለስ ይቆይና ሲያልቅ የመጨረሻው ፋይል ወደ ሶፍትዌሩ ይገባል። ሥራው የፈጠነ ይመስላል። ነገር ግን ማን ምን አስተያየት እንደሰጠ፣ ደራሲው የትኛውን ተቀብሎ የትኛውን እንዳልተቀበለ የሚያሳይ መዝገብ አይኖርም። የክፍት ተደራሽነት መጻሕፍት ማውጫ የሆነው ዶአብ አሳታሚውን የአቻ ግምገማ ሥርዓቱን እንዲገልጽ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ የድሮ መልእክቶችን ስክሪንሾት እያነሡ ማቅረብ ለአሳታሚው ክብር አይሆንም። ገምጋሚዎች ሥርዓቱን ለመጠቀም ካመነቱ አርታኢው ራሱ አስተያየታቸውን ቢያስገባላቸው እንኳ ከዚህ ይሻላል።

ስምንና ዘመንን በግዴለሽነት መሙላት

በእኔ አስተያየት በአገራችን መጻሕፍት ላይ ከሚደርሱት ጉዳቶች ትልቁ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ቅጹ የተዘጋጀው የቤተሰብ ስም ላለው ኅብረተሰብ ነው። ሶፍትዌሩ የራስን ስም፣ የቤተሰብን ስምና በሕዝብ ዘንድ የሚታየውን ስም ለየብቻ ይጠይቃል። አንዱ አርታኢ የአባትን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይጽፋል፣ ሌላው የአያትን ስም ያስገባል፣ ሦስተኛው ሦስቱንም ስሞች በመጀመሪያው ሣጥን ያጭቃል። በዚህም አንድ ደራሲ በውጭ ማውጫዎች ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሆኖ ይቀራል። በጅማ አካባቢ ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለ፤ የአባታቸው ስም «አባ» ከሚለው ቃል የሚጀምር ሰዎች ጥቂት አይደሉም። «አባ»ን የማዕረግ መጠሪያ መስሎት የሚያስቀር ወይም ከራስ ስም ጋር የሚያጣብቅ መዝጋቢ የሰውየውን ስም አዛብቷል ማለት ነው። የሚበጀው አንድ ደንብ አውጥቶ በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው፦ የራስ ስም በመጀመሪያው ሣጥን፣ የአባት ስም «አባ»ን ጨምሮ ሳይከፈል በሁለተኛው፣ ሙሉው ስም ደግሞ በሕዝብ ዘንድ በሚታየው ሣጥን። በላቲን ፊደል ሲጻፍም ደራሲው ቀደም ሲል ባሳተማቸው ሥራዎች የተጠቀመበት አጻጻፍ ይወሰድ። ደራሲው የኦርኪድ መለያ ቁጥር ካለው ይመዝገብለት፤ የስም አጻጻፍ ቢለያይ እንኳ ሰውየውን የሚያስተሳስረው ያ ቁጥር ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም እንደዚሁ ነው። በሰኔ 2017 ዓ.ም. የወጣ መጽሐፍ በሶፍትዌሩ የቀን ሣጥን ውስጥ 2017 ተብሎ ከተመዘገበ፣ ዓለም የሚያነበው ከስምንት ዓመት በፊት እንደታተመ አድርጎ ነው፤ ትክክለኛው ሰኔ 2025 ነበርና። ጥቅሶች ይዛባሉ፣ «የቅርብ ጊዜ ሥራ» ብሎ የሚፈልግ አንባቢም መጽሐፉን አያገኘውም። በመጽሐፉ ሽፋንና የውስጥ ገጽ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ፤ በሜታዳታው ግን ሁልጊዜ የአውሮፓው አቆጣጠር ይሁን። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መሆኑን መዝጋቢው ሊዘነጋው አይገባም።

ፊደሉ ፊደል ያልሆነ ፋይል

የግእዝ ፊደል ለየቋንቋው ፊደላት የኮምፒውተር ኮድ በሚሰጠው በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት እንደ ቪዥዋል ግእዝ ያሉ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ኮድ እየተዋሱ የግእዝ ቅርጽ ያለብሷቸው ነበር። አንዳንድ ማተሚያ ቤቶችና የዕድሜ ባለጸጋ ደራሲዎች ዛሬም በእነርሱ የተጻፈ ረቂቅ ያመጣሉ። ገጹ በወረቀት ሲታተም እንከን የለውም፤ ከፒዲኤፉ አንድ መስመር ገልብጠው በሌላ ቦታ ሲለጥፉት ግን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ይወጣል። ጉግልም ሆነ የሶፍትዌሩ መፈለጊያ የሚያየው ያንን ዝብርቅርቅ ነው። ስለሆነም ማንኛውም የአማርኛ ፒዲኤፍ ከመጫኑ በፊት በዚሁ የመገልበጥና የመለጠፍ ፈተና ማለፍ ይኖርበታል። በስካነር የተነሣ አሮጌ መጽሐፍ ከሆነ ቴሰራክት የተባለው የክፍት ምንጭ ጽሑፍ አንባቢ አማርኛን ያውቃል፤ ውጤቱን ግን ሰው ሳያርመው ማውጣት ደራሲውን ማዋረድ ነው።

ፊደሉ ትክክል ሆኖም መጽሐፉ የማይገኝበት አጋጣሚ አለ፤ ይህን ብዙ አስተዳዳሪዎች አያስተውሉትም። በሶፍትዌሩ የ3.3 ስሪቶች፣ በማዋቀሪያ ፋይሉ የፍለጋ ክፍል ውስጥ ለማውጫ የሚመዘገብ ቃል ቢያንስ ሦስት ፊደል እንዲኖረው የሚያዝ ቁጥር ተቀምጧል። ለእንግሊዝኛ ይህ ልክ ነው። በአማርኛ ግን «ቡና» ሁለት ፊደል ነው፤ «ጤና»፣ «ሕግ»፣ «ውሃ»፣ «ጅማ» ራሷም ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው። ስለ ጅማ ቡና የተጻፈ መጽሐፍ «ጅማ» እና «ቡና» ተብሎ ቢፈለግ የማይመጣው በዚህ የተነሣ ነው። ቁጥሩን ወደ ሁለት ዝቅ አድርጎ የፍለጋ ማውጫውን እንደገና ማስገንባት በቂ ነው፤ ሥራው የደቂቃዎች ነው። ከፒዲኤፍ ውስጥ ጽሑፍ የሚያወጣው መሣሪያ በሰርቨሩ ላይ ካልተጫነና በዚሁ ፋይል ካልተገለጸ ደግሞ የሚፈለገው ሜታዳታው ብቻ እንጂ የመጽሐፉ ገላ አይደለም። ቁልፍ ቃላትን በሚመለከት «ጅማ» እና «ጂማ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ለመፈለጊያው የተለያዩ ቃላት ናቸውና፣ ሁለቱንም አጻጻፍ በቁልፍ ቃልነት ማስገባት ነውር የለበትም። በአካባቢው አንባቢ ብዛት ደግሞ የአፋን ኦሮሞ አጭር መግለጫና ቁልፍ ቃላት ቢታከሉ ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተለየ ሣጥን አዘጋጅቷል።

አንድ አይኤስቢኤን ለሁሉም፣ ዲኦአይ ለስሙ

የወረቀቱ፣ የፒዲኤፉና ኢፐብ የተባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ቅርጽ ቅጂ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አይኤስቢኤን ሊኖራቸው ይገባል። ሶፍትዌሩም ቁጥሩን የሚጠይቀው በመጽሐፉ ደረጃ ሳይሆን በእያንዳንዱ የኅትመት ቅርጽ ሥር ነው። ቁጥሩን ለማግኘት ማመልከቻ የሚቀርበው አዲስ አበባ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ስለሆነ፣ ለሦስቱም ቅርጾች በአንድ ጊዜ መጠየቅ ከጅማ ሁለተኛ መንገድን ያስቀራል።

አንባቢን ወደ ሥራው የሚያደርስ ቋሚ የዲጂታል መለያ በሆነው በዲኦአይ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ይበልጥ ስውር ነው። ሶፍትዌሩ ለመጽሐፉና ለምዕራፎቹ ዲኦአይ ይሰጣል፤ መስጠት ማለት ግን ማስመዝገብ ማለት አይደለም። መረጃው እንደ ክሮስረፍ ላለ መዝጋቢ ድርጅት እስካልተላከ ድረስ ቁጥሩ ሲነካ የትም አያደርስም፤ በፒዲኤፉ ላይ ታትሞ ከወጣ በኋላ ደግሞ አንባቢ ሁሉ ይዞት ይዞራል። ክፍያን ፈርቶ ጉዳዩን መተው አሁን ምክንያት አይሆንም፤ ክሮስረፍ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ ራሱ ባወጣው ዝርዝር ላሉ አገሮች አባላት የአባልነትና የምዝገባ ክፍያን አስቀርቷል።

ካታሎግ ውስጥ «መጽሐፉ አለ፣ ፋይሉ ግን አይከፈትም» የሚል ቅሬታ ሲመጣ መንሥኤው ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው። የኅትመት ቅርጹ መጽደቅና ለአንባቢ ክፍት መደረግ አለበት፤ ከሥሩ ያለው ፋይልም ለብቻው ጸድቆ በነጻ ወይስ በሽያጭ እንደሚገኝ መወሰን አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከተረሳ ፋይሉ አይታይም።

ሰርቨሩን በሚመለከት

እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ፤ አንዱ ነጥብ ግን አይታለፍም። ረቂቆችና የግምገማ ሰነዶች የሚቀመጡበት ማኅደር በድረ ገጹ ማኅደር ውስጥ እንዳይሆን። በአንዳንድ ርካሽ ሆስቲንግ ላይ ለአጫጫን ስለሚቀል እዚያው ይደረጋል፤ ውጤቱ ያልታተመ ረቂቅና በምሥጢር የተሰጠ የገምጋሚ አስተያየት አድራሻውን ላወቀ ሁሉ መገለጡ ነው። የመጠባበቂያ ቅጂም ዳታቤዙን፣ ይህንኑ የፋይል ማኅደር፣ ሽፋኖቹ ያሉበትን የሕዝብ ማኅደርና የማዋቀሪያ ፋይሉን ያካትት፤ ዳታቤዝ ብቻውን ያለ ፋይሎቹ አርእስት እንጂ መጽሐፍ አይመልስም። ኃይል በሚቆራረጥበት ከተማ ያ ቅጂ ከዚያው ሕንፃ ውጭ መቀመጥ አለበት።

ስለ ፈቃድ ዝም ማለት

መጽሐፉ በነጻ ስለተለቀቀ ብቻ ማንም ሊያባዛው ወይም ሊተረጉመው መብት አያገኝም። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ በአጠቃላይ በመጀመሪያ የደራሲው ነው፤ አሳታሚው ያለ ጽሑፍ ስምምነት ለማንም የመጠቀም መብት የሚሰጠውን የክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በገጹ ላይ ቢለጥፍ ያልተሰጠውን እየሰጠ ነው። ስለሆነም ስምምነቱ ረቂቁ ወደ ቋንቋ እርማት ከመሄዱ በፊት ይፈረም፤ በጥራዙ የተሳተፉት የየምዕራፉ ጸሐፊዎች ሁሉ ይፈርሙ። ደራሲው ከሌላ ቦታ ያመጣቸው ፎቶግራፎችና ካርታዎች ካሉም ለእነርሱ የተገኘው ፈቃድ ለየብቻ ይመዝገብ፤ የተገኘው ፈቃድ የክሬቲቭ ኮመንስን ፈቃድ የማይሸፍንለት ሥዕል ሥር «ከፈቃዱ ውጭ ነው» ተብሎ ይጻፍ፣ ጭራሽ ፈቃድ ያልተገኘለት ሥዕል ግን ይውጣ።