ፍላጻ ሲሠራ የሚበላሸው የት ጋ ነው?

ደጋኑን የጨረሰ ሰው ፍላጻ ላይ ሲደርስ ይቸኩላል። «ዱላ ላይ ላባ መለጠፍ ነው፣ ሌላ ምን አለው?» ይላል። ለንደን ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ1371 ደጋን ሠሪና ፍላጻ ሠሪ አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳይነካ ተስማምተው ሙያቸውን ለይተዋል።

አደገኛው ስህተት ቃጫውን አለማየት ነው። የእንጨቱ ቃጫ ከጫፍ ጫፍ መሄዱን ትቶ መሃል ላይ ወደ ጎን ከወጣ፣ ፍላጻው ሲለቀቅ እዚያው ጋ ሊሰበር ይችላል። ስንጣሪው ደግሞ የሚሰካው ደጋን የያዘው እጅ ላይ ነው። እንጨቱን ፍለጡት። ሲፈለጥ በራሱ ቃጫ ይሄዳል፤ መጋዝ ግን ቃጫ አያውቅም።

እርጥብ እንጨት? ዛሬ ቀጥ ያለው ነገ ይጎብጣል። ይድረቅ፣ ከዚያ እሳት ላይ ሞቅ እያደረጋችሁ አቅኑት።

ብዙ ሰው የማያውቀው የጥንካሬው ጉዳይ ነው። ፍላጻ ሲወነጨፍ ግራና ቀኝ እየተለመጠ ነው ደጋኑን የሚያልፈው። ለደጋኑ ጉልበት ከላላ ወይም ከልክ በላይ ከጠነከረ ወደ ጎን ይስታል፤ እናንተም ዓይናችሁን ትወቅሳላችሁ። ዘንጉን በሁለት ጫፉ አሳርፋችሁ መሃሉ ላይ ክብደት አንጠልጥሉና ምን ያህል እንደሚረግብ ለኩ።

ላባ ላይ እኔም ተሸውጃለሁ። ሁለት ከግራ ክንፍ፣ አንድ ከቀኝ ለጠፍኩ። ፍላጻዬ እንደ ሰካራም ተወላገደ። የግራ ክንፍ ላባ ወደ አንድ በኩል ይጎብጣል፣ የቀኙ ወደ ሌላው። ሦስቱም ከአንድ ወገን ይሁኑ።

አውታሩ የሚገባበትን ስንጥቅ በእንጨቱ የዕድገት ቀለበቶች አቅጣጫ አታውጡት፤ አውታሩ እንደ ሽብልቅ ይሰነጥቀዋል። ቀለበቶቹን አቋርጡ። እ.ኤ.አ. በ1545 የሰጠመችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሜሪ ሮዝ ላይ የተገኙት ፍላጻዎች ስንጥቁ ጋ ማጠናከሪያ ቀጭን የቀንድ ቁራጭ ነበራቸው።

የመጨረሻው ስህተት አንድ በአንድ እየጨረሱ መሄድ ነው። ዘንጎቹን አንድ ላይ አዘጋጅታችሁ ካላመሳሰላችሁ እያንዳንዱ በየፊናው ይበራል። እ.ኤ.አ. በ1991 አልፕስ ተራራ ላይ አስከሬኑ የተገኘው፣ ከ5,000 ዓመት በፊት የኖረው ሰው ኮሮጆ ውስጥ 14 ፍላጻዎች ነበሩ። 12ቱ ርዝመታቸው ተቀራራቢ የሆኑ፣ ገና ያላለቁ ዘንጎች ናቸው። ላባና ስለት የነበራቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ተሰብረዋል።