የማዶውን ስልክ ቁጥር ያዙ፦ ድንበር ላይ የበሽታ መረጃ እንዴት እንለዋወጥ

ሞያሌ ላይ የበሽታዎች ቅኝት ሥራ፣ ማለትም በሽታ ሲነሳ ፈልጎ የማግኘትና የማሳወቅ ሥራ፣ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ከተማዋ አንድ ናት፤ አስተዳደሩ ግን ብዙ ነው። የእኛው ወገን ራሱ ኦሮሚያና ሶማሌ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። ማዶ ደግሞ የኬንያው መርሳቢት ካውንቲ አለ። አንዲት እናት ጠዋት እዚህ ልጇን አስከትባ ከሰዓት ማዶ እህቷ ቤት ሻይ ትጠጣለች። በሽታም እንደ ሰዉ ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በ2013 ፖሊዮ ሶማሊያ ላይ ሲነሳ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ኬንያም ደረሰ፣ እኛም ጋ ገባ።

ይህን የምጽፈው ሞያሌም ይሁን መተማ፣ ጋላፊም ይሁን ቶጎ ውጫሌ አዲስ ለተመደባችሁ የቅኝት ፎካሎች (ተጠሪ ባለሙያዎች) ነው። ሥልጠና ላይ ስለ ሪፖርት ብዙ ይነገራችኋል። ማዶ ካለው ሰው ጋር እንዴት እንደምትግባቡ ግን የሚነግራችሁ ብዙም የለም።

መጀመሪያ ሰው ያዙ። ወረርሽኝ ሳይመጣ ማለቴ ነው። አለቃችሁን አሳውቁና ተሻገሩ፤ ባለሙያውን ቢሮው ድረስ ሄዳችሁ ተዋወቁት። እኔ ስዋሂሊ አልችልም፤ የማዶው ባልደረባዬ አማርኛ አይችልም። ኦሮምኛ ግን ሁለታችንም እንናገራለን፤ በዚያው ተግባባን። ቁጥሩን ስልኬ ላይ ከመያዝ አልፌ ቢሮው ግድግዳ ላይ በትልቁ ጽፌ ለጥፌዋለሁ። ስልክ ይጠፋል፣ ሰውም ፈቃድ ይወጣል። የእንስሳት ሐኪሙን ቁጥር ከሥሩ ጨምሩ። አባ ሰንጋ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ጋ ከመድረሱ በፊት ከብት ይገድላል። እንደ ሞያሌ ሁለት ክልል ያለበት ቦታ ከሆናችሁ ደግሞ የጎረቤት ወረዳውን ባልደረባ አትርሱ። ማዶ ደውሎ የገዛ ጎረቤቱን የዘለለ ሰው አይቻለሁ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልምጣ። የቀን ጉዳይ ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ላይ አንድ የኩፍኝ ተጠርጣሪ ሕፃን አገኘን። ቤተሰቡ ወዲያው ተሻገረ። ሽፍታው የጀመረበትን ቀን 12/7/15 ብዬ ጻፍኩና መረጃውን ማዶ ላክሁ። መጋቢት 12 ማለቴ ነበር። እዚያ የተነበበው ግን ጁላይ 12 ቀን 2015 ተብሎ ነው። ባልደረባዬ በስህተት የተላከ የድሮ ወረቀት መስሎት ወደ ጎን አስቀመጠው። እኔ ደግሞ ልኬያለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። የታወቀው በአምስተኛው ቀን ስንደዋወል ነው። ኩፍኝ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ፣ ከወጣ በኋላም እስከ 4 ቀን ድረስ ይተላለፋል። ያ ሕፃን ከአጎቶቹ ልጆች ጋር አንድ ጎጆ ውስጥ ሲያድር የከረመው በእነዚያው ቀናት ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ይቆረቁረኛል።

ስለዚህ የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፣ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ «መጋቢት 12 ቀን 2015 ዓ.ም. / 21 ማርች 2023»። በቁጥር ብቻ የተጻፈ ቀን አትላኩ። ከተላከላችሁም ደውላችሁ አጣሩ።

ሰዓትም ያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። የስዋሂሊ ተናጋሪ ሲያወራ እንደኛው ከንጋት ይቆጥራል። «ሳ ታቱ» ካለ የእኛው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ፎርም ላይ ግን 9 ብሎ ይጽፈዋል። በስልክ የተግባባችሁበት ነገር ወረቀት ላይ ይጣረሳል። ለፖሊዮ ቅኝት ሰገራ የሚወሰደው ሽባነቱ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ፣ ሁለት ጊዜ፣ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ነው። እዚህ ላይ የ6 ሰዓት ስህተት ቀላል አይደለም። «ጠዋት»፣ «ማታ» የምትል ቃል አትለፏት።

ወርሃዊ ቁጥር አታወዳድሩ። የእኛ ወርሃዊ ሪፖርት ከ21 እስከ 20 ይቆጠራል፤ የእነሱ በፈረንጅ ወር ነው። መቼም አይገጥምም። የሚያገናኘን ሳምንት ነው፤ ከሰኞ እስከ እሑድ፣ የሳምንቱም ቁጥር ለሁላችንም አንድ ነው። «12ኛው ሳምንት፣ ኩፍኝ ተጠርጣሪ 3» ብትሉት ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ምንም ካልተገኘም ዜሮ ብላችሁ ላኩ። ዝም ካላችሁ በሽታው አለመኖሩን ይሁን እናንተ አለመፈለጋችሁን በምን ያውቃል?

አድራሻ ላይ ቀበሌ ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ። አርብቶ አደር የቤት ቁጥር የለውም። እኔ የምጠይቀው «ከብት ያጠጣችሁት የት ነው?» ብዬ ነው። የኤላውን፣ የውሃ ጉድጓዱን፣ ስም ከወዲህም ከወዲያም ያለ ሰው ያውቀዋል። ማን አብሮ እንዳጠጣ ስትጠይቁ ደግሞ ንክኪ የነበራቸው ሰዎች ዝርዝር ራሱ ይመጣላችኋል።

ስም ግን በቴሌግራምም በዋትሳፕም ግሩፕ ላይ አይወጣም። ፎቶም እንዲሁ። ግሩፕ ላይ የሚበቃው የኬዙ መለያ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ምልክቱ የጀመረበት ቀን፣ አካባቢ፣ ክትባት መውሰድ አለመውሰዱና ናሙና መላክ አለመላኩ ነው። ንክኪ ለመፈለግ የግድ ካስፈለገ ስሙን ለአንድ ሰው በስልክ ንገሩት፤ እስከ አያት። የዓለም አቀፍ የጤና ደንብም አንቀጽ 45 ላይ የግል መረጃ እንዲጠበቅ ያዛል። በሀገራችን የመጀመሪያው ኤምፖክስ (የዝንጀሮ ፈንጣጣ) ግንቦት 2017 ዓ.ም. የተረጋገጠው እዚሁ ሞያሌ ነው። በትንሽ ከተማ ስም ከወጣ ቤተሰቡ ከገበያም ከለቅሶም ይገለላል። ቀጣዩ ታማሚ ደግሞ ይደበቅባችኋል።

ማዶ ደወላችሁ ማለት ሪፖርት አደረጋችሁ ማለት አይደለም። ሪፖርቱ በራሱ መንገድ ይሂድ፦ ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል፣ ከዚያ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት። አስቸኳይ በሽታ ከሆነ በየእርከኑ ከ30 ደቂቃ በላይ አይደር። ለዓለም ጤና ድርጅት የሚያሳውቀው ኢንስቲትዩቱ ነው፤ ሲያሳውቅም አራት ጥያቄ አለበት። ጉዳቱ ከባድ ነው ወይ? ያልተለመደ ወይም ያልተጠበቀ ነው ወይ? ድንበር የመሻገር ስጋት አለው ወይ? የጉዞ ወይም የንግድ ገደብ ያስከትላል ወይ? ሁለቱ «አዎ» ከተባሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ሦስተኛውን ከእናንተ በላይ የሚመልስ የለም። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ «ማዶ ተደውሏል፣ እዚያም ተመሳሳይ 2 ተጠርጣሪ አለ» የምትል አንድ መስመር ጨምሩ። «ተጠርጣሪ» እና «የተረጋገጠ» የሚሉትን ቃላት አታቀያይሩ፤ ላቦራቶሪ ሳይመልስ «ተረጋገጠ» ያለ ሰው ሁለት ከተማ ያሸብራል።

አንዳንዱ ኬላ ይዘጋል ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ መሠረት አለው። ደቡብ አፍሪካ ኖቬምበር 2021 ላይ ኦሚክሮን የተባለውን የኮሮና ዝርያ ስታሳውቅ በቀናት ውስጥ በረራ ተዘጋባት። ከብቱን ለመሸጥ የተሻገረ ሰው ይህን ቢፈራ አልፈርድበትም። ግን ሦስት ኬዝ ሳለ ከተነጋገርን የምንፈልገው ሦስት ቤት ነው። ኬላው ይዘጋ የሚለው የሚመጣው ሠላሳ ሲደርስ ነው።

የላቦራቶሪ ውጤት ሲመጣ፣ ነጻ ቢሆንም እንኳ፣ ለማዶው መልሱለት። ሲጠብቅ ሰንብቷል። ዝውውር ከደረሳችሁም ከመሄዳችሁ በፊት ተተኪያችሁን ይዛችሁ አንድ ቀን ተሻገሩና አስተዋውቁ፤ ግድግዳው ላይ ያለውንም ቁጥር አብራችሁ ደውሉና መሥራቱን አረጋግጡ።