የቬትናም ዘማቾች ስለ መሐመድ አሊ ያላቸውን አስተያየት እንዴት እንመዝግብ?

በቬትናም የዘመቱ አሜሪካዊ አዛውንት ወደዚያ ጦርነት አልዘምትም ስላለው ቦክሰኛ ስለ መሐመድ አሊ ሲጠየቁ በቅድሚያ የሚናገሩት የዛሬ አስተያየታቸውን ነው። በሃምሳ ዓመታት ውስጥ የተለወጠውን ለማወቅ ግን ጠያቂው እያንዳንዱን አስተያየት ከነዘመኑ ማስነገር አለበት። «ሐሳብዎ ተለውጧል ወይ?» ብሎ መጀመር አይበጅም፤ ጥያቄው መለወጥን እንደ በጎ ነገር አስቀድሞ ያቀርባልና።

ስለዚህ የነገሩን ቅደም ተከተል አጥንቶ መሄድ ያስፈልጋል (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሊ በ1964 የጽሑፍ ፈተናውን ባለማለፉ ለውትድርና ብቁ አይደለም ተባለ፤ መመዘኛው ዝቅ ሲደረግ በ1966 ብቁ ሆነ። ኤፕሪል 28 ቀን 1967 ሂውስተን ላይ ስሙ ሲጠራ ወደ ፊት አልራመድም አለ፤ ወደ ፊት መራመድ ውትድርናውን መቀበል ማለት ነበር። በሰኔ አምስት ዓመት እስራትና 10,000 ዶላር ቅጣት ተፈረደበት። በይግባኝ ምክንያት ባይታሰርም የሻምፒዮንነት ማዕረጉን ተነጥቆ ከሦስት ዓመት በላይ ሳይጋጠም ቆየ፤ በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 በሆነ ድምፅ ፍርዱን ሻረለት።

ቀጥሎ የሚጠየቀው አዛውንቱ ወሬውን ሲሰሙ የት እንደነበሩ፣ በግዳጅ ይሁን በፈቃዳቸው እንደዘመቱ፣ ነገሩንም ከማን እንደሰሙ ነው። በ1967 በጦር ሜዳ የነበረና የአሜሪካ ወታደሮች ሰላማዊ ቬትናማውያንን የገደሉበት የሚላይ ጭፍጨፋ በኅዳር 1969 ይፋ ከወጣ በኋላ የተላከ ወታደር አሊን ያዩት ከተለያየ ቦታ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ አባት ያለው ሰው ደግሞ አሊን በ1942 ሠራዊቱን ከተቀላቀለው ከቦክስ ሻምፒዮኑ ከጆ ሉዊስ ጋር ያነጻጽረው እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥቁር ዘማቾችን ስለ ዘር መድልዎ መጠየቅም ግድ ነው፤ አሊ ራሱ እምቢታውን ከዚሁ ጋር አያይዞት ነበርና።

ከሁሉ የሚከብደው፣ በእኔ እምነትም ከሁሉ የሚጠቅመው፣ «አሁን አከብረዋለሁ» የሚለውን ቃል መፈተሽ ነው። ቦክሰኛውን ማድነቅ፣ በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ በፓርኪንሰን በሽታ እየተንቀጠቀጠ ችቦውን ሲለኩስ ማዘን፣ ወደ ውጭ ሀገር ሳይሸሽ ቅጣቱን ለመቀበል መዘጋጀቱን ማክበርና ጦርነቱን በመቃወሙ ልክ ነበር ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ሰው ሦስቱን ተቀብሎ አራተኛውን ሊክድ ይችላል፤ ጠያቂው ይህን ልዩነት ካልጠበቀ የሚጽፈው ታሪክ የአዛውንቱ አይሆንም። «እሱ ባለመሄዱ በምትኩ ሌላ ሰው ሄዷል ብለው ያስባሉ?» የሚለው ጥያቄ መነሣት አለበት፤ ጓደኛ ለቀበረ ሰው ግን ከባድ ስለሆነ መተማመን ከተፈጠረ በኋላ ይቅረብ፤ መልሱም በዝምታ ይጠበቅ።

ሐሳባቸውን ፈጽሞ ያልለወጡም አሉ፤ ቃላቸው ሳይለሰልስ እኩል ቦታ ይሰጠው። በ2005 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ለአሊ የነፃነት ሜዳሊያ ሲሸልሙት አዛውንቶቹ ምን እንደተሰማቸው መጠየቅ የቀድሞውን ስሜት በግልጽ ያወጣል።

ከጦር ሜዳ የላኳቸው ደብዳቤዎች ካሉ ከቃላቸው ጋር ይመሳከሩ። ሁለቱ ከተጋጩ ደብዳቤውን አንብቦላቸው ማብራሪያ መጠየቅ፣ ከዚያም ሁለቱንም ከነዘመናቸው መመዝገብ ይገባል።